የአሉሽያን ቀበሮዎች መዝገብ

በኖቬምበር 1741 «ቅዱስ ጴጥሮስ» የተባለችው የሩሲያ መርከብ ከካምቻትካ በስተ ምሥራቅ ከምትገኝ አንዲት ሰው አልባ ደሴት ተጠጋች፤ ከዚያም አላለፈችም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጉዞው መሪ ዴንማርካዊው ቪተስ ቤሪንግ የአላስካን ጠረፍ አይቶ እየተመለሰ ነበር። መርከበኞቹ ትኩስ አትክልት በማጣት በሚመጣው፣ ድድን በሚያደማውና ጉልበትን በሚሰብረው በሽታ ተይዘው ብዙዎቹ መቆም እንኳ አቅቷቸዋል። በደሴቲቱ ላይ የጠበቋቸው ደግሞ ሰው አይተው የማያውቁ፣ ስለዚህም ሰው የማይፈሩ የዋልታ ቀበሮዎች ነበሩ። አብሯቸው የተጓዘው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌዮርግ ስቴለር እንደጻፈው፣ ቀበሮዎቹ ከሕመምተኞቹ አጠገብ ምግብና ልብስ ይሰርቁ፣ ገና ያልተቀበረውን አስከሬን ይበሉ፣ ቢያባርሯቸውም ተመልሰው ይመጡ ነበር። ቤሪንግ በዲሴምበር እዚያው አረፈ። ደሴቲቱም በስሙ ተጠራች።

የተረፉት ሰዎች ከመርከባቸው ስባሪ አነስ ያለች ጀልባ ሠርተው በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ ካምቻትካ ገቡ። ይዘውት የመጡት የባሕር ኦተር የተባለው ባለ ጸጉር የባሕር እንስሳ ቆዳ በቻይና ገበያ እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣ ነበር። ወሬው በሳይቤሪያ ሲዳረስ አዳኞችና ነጋዴዎች በየዓመቱ መርከብ እየገጣጠሙ ወደ ምሥራቅ ጎረፉ።

ከአላስካ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የአሉሽያን ደሴቶች ሰንሰለት ጉምና ነፋስ የማይለየው፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ በእሳተ ገሞራ የተገነባ ምድር ነው። በምሥራቁ ጫፍ ባሉት ደሴቶች ቀበሮ ከጥንትም ነበረ። ወደ መካከልና ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግን በየብስ የሚኖር አጥቢ እንስሳ አልነበረም። ወፎቹም ይህንኑ አምነው መሬት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ዝይዋ እንቁላሏን በሣር መካከል ትጥላለች። ፐፊን የተባለው ባለ ቀለማማ መንቁር የባሕር ወፍ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ይምሳል። ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጡት ኦክሌቶች በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በሚሊዮን ይቀመጣሉ። እግር ያለው ጠላት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የነገራቸው የለም።

በ1750 አንድሬያን ቶልስቲክ የተባለ ሩሲያዊ ነጋዴ ቤሪንግ ካረፈበት አካባቢ የዋልታ ቀበሮዎችን ጭኖ በሰንሰለቱ ምዕራባዊ ጫፍ ባለችው በአቱ ደሴት ላይ ለቀቃቸው። በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚታወቀው የመጀመሪያው ዝውውር ይህ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ ቀበሮው ወፍ እየበላ ይራባል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰዎች ተመልሰው ቆዳውን ይሰበስባሉ። አጥር አያስፈልግም፣ ባሕሩ አጥር ነው። መኖም አይገዛም። ደሴቲቱ ራሷ እረኛ የሌለው በረት ሆነች።

ቀበሮው ደግሞ ለዚህ ኑሮ የተፈጠረ ይመስል ነበር። የዋልታ ቀበሮ በጠገበ ጊዜ አደን አያቆምም፤ የተረፈውን እንቁላልና ወፍ ለክፉ ቀን መሬት ውስጥ ይቀብራል። ወፎቹ ወደ ባሕር በሄዱበት ክረምት ዳርቻውን እየዞረ ማዕበል የጣለውን ሬሳ፣ የባሕር ጃርቱንና በአሸዋው ላይ የሚዘለውን ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት ይለቅማል። ነገሩን ሁሉ የከፋ ያደረገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሌላ አገር አዳኙ የሚበላው ሲያልቅ እሱም ይመነምናል፤ እዚህ ግን ባሕሩ ስለሚቀልበው የመጨረሻይቱ ዝይ ከጠፋች በኋላም ቀበሮው በሕይወት ይኖራል።

ጉዳቱን መጀመሪያ ያዩት ሳይንቲስቶች አይደሉም። ሩሲያውያን «አሉት» ያሏቸው፣ ራሳቸውን ኡናንጋን ብለው የሚጠሩት የደሴቶቹ ባለቤቶች ለሺዎች ዓመታት ከወፎቹ ጋር ኖረዋል። እንቁላሉና ሥጋው ምግባቸው ነበር፤ የፐፊንና የሌሎች የባሕር ወፎች ቆዳም በአጥንት መርፌ እየተሰፋ በዚያ ዝናብና ነፋስ የሚያሞቅ ልብስ ይሆናቸዋል። ቀበሮ በገባባቸው ደሴቶች ልብስ የሚሆን ወፍ መታጣቱን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሩሲያውያኑ አቤት ብለዋል። አቤቱታው የቀረበው ግን በበሽታ፣ በጥቃትና በግዳጅ አደን ቁጥሩ ክፉኛ ባሽቆለቆለ ሕዝብ አፍ ነው። በ1799 የተቋቋመው የሩሲያና አሜሪካ ኩባንያም የባሕር ኦተሩ እየተመናመነ ሲሄድ ቀበሮ ማሰራጨቱን ገፋበት። የኩባንያው ሰዎች ቀበሮን ይቆጥሩ ነበር፤ የሚቆጥሩት ግን የታሰረ ቆዳ ነው። ከየደሴቲቱ ስንት ቆዳ ወጣ የሚለው አኃዝ ስለ ቀበሮዎቹ የተያዘ የመጀመሪያው መዝገብ ሆነ፤ ስለ ወፎቹ አንድም ነገር አልያዘም።

አሜሪካ በ1867 አላስካን ከሩሲያ ስትገዛ ደሴቶቹ ከነቀበሮዎቻቸው ተላለፉ። ሰማያዊ የሚባለው፣ በእርግጥ ጥቁር ግራጫ የሆነው የዋልታ ቀበሮ ቆዳ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ፋሽን እየሆነ መጣ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ አቱ ላይ የቆየው ሉሲየን ተርነር በአጎራባቿ አጋቱ የአሉሽያን ዝይ በሺዎች እንደሚፈለፍል ጻፈ። ከነጩ የአንገት ቀለበቷ በቀር ከካናዳ ዝይ ጋር የምትመሳሰል፣ ግን በአካል አነስ ያለች ወፍ ናት። በ1906 «አልባትሮስ» በተባለችው የአሳ ምርምር መርከብ የመጣው ኦስቲን ክላርክም አጋቱ ላይ ዝይዋን በብዛት አገኛት። አጋቱ እስከዚያ ድረስ ቀበሮ አልገባባትም ነበር።

ማርች 3 ቀን 1913 ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት የአሉሽያንን ሰንሰለት ጥብቅ ሥፍራ አድርገው አወጁ። የአዋጁ ዓላማ ደሴቶቹ ለአገሬው ወፎች መራቢያ ይሁኑ ይላል፤ እዚያው ቀጥሎ ደግሞ አጋዘንና ባለ ጸጉር እንስሳት ይርቡባቸው ይላል። ወፍና ቀበሮ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ፊርማ፣ በአንድ ደሴት ላይ እንዲራቡ ታዘዙ። ይህን አዋጅ ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ከመቶ ዓመት በፊት የኡናንጋን ሰዎች የተናገሩትን የሚጠይቅ ግን በመካከላቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የቀበሮ እርባታ ወርቃማ ዘመን ሆኑ። ደሴቶች በኪራይ ተሰጡ፤ በ1920ዎቹ አጋቱም ቀበሮ ገባባት። በአላስካ ጠረፍ በጠቅላላው ከ450 በላይ ደሴቶች በተለያየ ጊዜ ቀበሮ ተለቆባቸዋል። ኑሯቸው በቀበሮ የተጎዳባቸው ኡናንጋን ራሳቸው በቀበሮ የሚኖሩ ሆኑ፤ የአቱ ነዋሪዎች በክረምት ወደ አጋቱ እየተሻገሩ ያጠምዱ፣ በቆዳውም ዱቄት፣ ሻይና ጥይት ይገዙ ነበር። በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የቆዳ ዋጋም አብሮ ወደቀ። አርቢዎቹ እየተዉ ሄዱ። ቀበሮዎቹ ቀሩ።

በ1936 እና በ1937 በበጋው ወራት «ብራውን ቤር» በተባለች መርከብ ሰንሰለቱን ያሰሰው ኦላውስ ሙሪ ነው። የአሜሪካ የሥነ ሕይወት ቅኝት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። ሙሪና ጓደኞቹ ደሴት በደሴት እየወረዱ የቀበሮ ዓይነ ምድር ለቀሙ፣ አደረቁ፣ ፈረፈሩ፤ በውስጡ ያለውን ላባ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አጥንትና የባሕር ፍጥረት ቅሪት ለያይተው መዘገቡ። ቀበሮው ለሰው የሚያወጣውን ሳይሆን የሚበላውን የሚናገረው ሁለተኛው መዝገብ በዚህ መልክ ተጀመረ። ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ወፎች ነበሩ። ክላርክ ዝይ በዝይ ሆና ያያት አጋቱ ለሙሪ ያሳየችው ጥቂት ጥንዶችን ብቻ ነው። ሰውየው አንዳንድ ደሴቶች ከቀበሮ ጸድተው ለወፎች እንዲተዉ ሐሳብ አቀረበ። የሐሳቡን ፍሬ ለማየት ግን ጊዜው አልነበረም፤ ጦርነት መጣ።

በጁን 1942 የጃፓን ጦር የአቱንና የኪስካን ደሴቶች ያዘ። 40 ያህሉ የአቱ ነዋሪዎች ወደ ሆካይዶ ደሴት ተወስደው በኦታሩ ከተማ ታሰሩ፤ ግማሽ ያህላቸው እዚያው ሞቱ፣ የተረፉትም ወደ መንደራቸው እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም። በሌሎች ደሴቶች የነበሩትን ኡናንጋን የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አንሥቶ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ በተጨናነቁ ካምፖች አሰፈራቸው፤ ከእነሱም ብዙዎች አለቁ። የወፎችን ታሪክ ስንተርክ ይህን አልፎ መሄድ አይገባም። ወፎቹ የት ይቀመጡ እንደነበር፣ መቼም እንደጠፉ የሚያውቁት ሰዎች ከምድራቸው የተነቀሉት በዚያን ጊዜ ነው። በጦር መርከቦቹ ሆድ ውስጥ ደግሞ አይጥ መጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ሮበርት ጆንስ የደሴቶቹ ጥብቅ ሥፍራ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ስለ ባሕር ኦተር ከነበረው ፍቅር የተነሣ «የባሕር ኦተር ጆንስ» ይሉት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በአላስካ ባሕረ ገብ መሬት ባለችው ኮልድ ቤይ ነበረ፤ ጠንካራ መርከብ ስላልነበረው በዚያ አስፈሪ ባሕር ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍት በሆነች የእንጨት ጀልባ ነው። በ1949 በአምቺትካ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ቀበሮ የማጥፋት ዘመቻ ከፈተ። መርዝ የተቀላቀለበት ሥጋ በዳርቻው ላይ ይበተናል፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ዱካ ይፈለጋል። ሥራው ዓመታት ፈጀ።

ጆንስን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ዝይዋ ጨርሳ ጠፍታ ይሆን ወይ የሚለው ነበር። ለዓመታት ያያት አልነበረም። በካርታው ላይ ግን አንዲት ደሴት ነበረች፤ ቡልዲር። ከሁለቱም ወገን ካሉት ጎረቤቶቿ እጅግ የራቀች፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ የምትረዝም፣ መርከብ የሚጠለልበት ወደብ የሌላት ናት። ቀበሮ ነጋዴዎች ማውረጃ አጥተው ትተዋት ነበር። ጆንስ በ1962 ክረምት ካለፈ በኋላ በጀልባው ወደዚያ ሲጠጋ ከገደሉ ላይ ዝይዎች ተነሥተው በረሩ። ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓለም ላይ ከተረፉት የአሉሽያን ዝይዎች ዋናዎቹ እነዚህ ነበሩ። ለነጋዴ የማትመች ባትሆን ኖሮ ቡልዲርም እንደ አጋቱ ባዶ በሆነች ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ከቡልዲር ጥቂት ጫጩቶች ተወስደው በሰው እጅ ማራባት ተጀመረ፤ በኋላ ሥራው በሜሪላንድ ባለው የፓተክሰንት የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል ተስፋፋ። በ1967 ዝይዋ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገባች። በ1971 በሰው እጅ ያደጉ ዝይዎች አምቺትካ ላይ ተለቀቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አሜሪካ በአምቺትካ ከርሰ ምድር 5 ሜጋ ቶን የሚጠጋ የኑክሌር ቦምብ ማፈንዳቷን እዚህ ላይ ማስታወስ ግድ ነው፤ ያ ምድር ከአንድ ወገን ሲጠገን ከሌላው ወገን ይፈርስ ነበር። የተለቀቁት ዝይዎች ግን አልሰመሩም። ንስር አጠቃቸው፤ ደግሞም የዝይ ጫጩት የፍልሰቱን መንገድ የሚማረው ከወላጆቹ ኋላ እየበረረ ስለሆነ፣ ያለ ወላጅ ያደገው የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። በኋላ ከቡልዲር የዱር ዝይዎች እየተያዙ ከእነዚያ ጋር አብረው ሲለቀቁ ነገሩ ተቃና፤ በ1980ዎቹም አጋቱ ላይ እንደገና ጎጆ ታየ። እግራቸው ላይ ቀለበት የታሠረላቸው የቡልዲር ዝይዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲታዩ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ታወቀ። በዚያ አካባቢም ዝይ ማደን ተከለከለ።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ደሴቶቹ በእርግጥ ከቀበሮ ከጸዱ ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሥራው ክፍልም ይኸው ነው፤ የሌለን ነገር መቁጠር። አንድ ሺህ ቀበሮ ያለበትን ደሴት መገመት አይከብድም። አንድም የለም ብሎ መፈረም ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት እርጉዝ ቀበሮ ካመለጠች በአንድ ወሊድ ከአሥር በላይ ግልገል ልታወጣ ትችላለች። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመንግሥት መሬት ላይ አዳኝ እንስሳትን በመርዝ መግደልን ስለከለከሉ ሥራው ወደ ወጥመድና ወደ ጠብመንጃ ተመለሰ። ጥቂት ሰዎች ገና በረዶው ሳይቀልጥ ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ ድንኳን ተክለው ወራት ይቆያሉ። ቀበሮ ባሕሩን ስለሚያዘወትር ዳርቻውን በየቀኑ ይዞራሉ። ማዕበል ያጠበው አሸዋና አዲስ የወረደ በረዶ ዱካ ይይዛል። ትኩስ ዓይነ ምድር፣ የተነጨ ላባ፣ በጉድጓድ አፍ ላይ የወደቀ ጸጉር ይፈለጋል። የቀበሮ ጉድጓድ አፈር በቅሪትና በሽንት ስለሚዳብር ከሩቅ አረንጓዴ ጉብታ ሆኖ ይታያል። ምልክት ሲጠፋ ሥራው አያልቅም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ተመልሶ እንደገና መዞር ያስፈልጋል። ሦስተኛው መዝገብ ይህ ነው፤ ባዶ ገጾቹ የሚያስደስቱ መዝገብ።

በዲሴምበር 1980 በወጣው ሕግ ደሴቶቹ በአላስካ የባሕር ላይ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ሥር ተጠቃለሉ። በ1980ዎቹ በአዱጋክና በካሳቶቺ ደሴቶች እንግዳ የሆነ ዘዴ ተሞከረ፦ እንዳይራቡ የተደረጉ የሰሜን አሜሪካ ቀይ ቀበሮዎች ተለቀቁ። ይህ ዝርያ በኛ ተራሮች ካለው ቀይ ቀበሮ የተለየ ነው። በአካል ስለሚበልጥ የዋልታ ቀበሮውን አሳድዶ ያጠፋዋል፤ ከዚያም ዘር ሳይተካ በዕድሜው ይሞታል። ዘዴው ሠራ። በ1986 ሰፊዋ ኪስካ በልዩ ፈቃድ በመርዝ ጸዳች። ታሪኩ የጀመረባት አቱ በ1999 ተጠናቀቀች፤ ቶልስቲክ ቀበሮዎቹን ካወረደ 249 ዓመት ሆኖት ነበር። በጠቅላላው 40 ያህል ደሴቶች ነጻ ወጡ።

የቀበሮዎቹ ሞት ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ አይኑር። በስዊድንና በኖርዌይ ተራሮች ይኸው የዋልታ ቀበሮ ሊጠፋ ተቃርቦ በብዙ ድካም እየተቀለበና እየተራባ ይገኛል። የአሉሽያን ቀበሮ በፈቃዱ አልመጣም፤ በሳጥን ተጭኖ ነው የመጣው። ቢሆንም በሰው ስህተት የተጫነውን ከማንሣት ሌላ ለወፎቹ የሚበጅ መንገድ አይታየኝም፤ ሥራውን የሠሩትም ቀበሮ ጠሎች ሳይሆኑ በብርድና በዝናብ ወራት የቆዩ ወፍ ወዳጆች ናቸው።

በ2000 የተቆጠሩት ዝይዎች 37,000 ገደማ ደረሱ። በማርች 2001 ዝይዋ ከአደጋ ዝርዝር ወጣች። ዛሬ ቁጥሯ ከ100,000 አልፏል፤ በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ ያሉ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ሣራቸውን እየጨረሰችባቸው እስኪያማርሩ ድረስ በዝታለች፤ አደንም እንደገና ተፈቅዷል።

አራተኛው መዝገብ አፈሩ ራሱ ነው፤ የተገለጠውም በ2005 ነው። ዶናልድ ክሮልና ባልደረቦቹ ቀበሮ ያለባቸውን ዘጠኝና የሌለባቸውን ዘጠኝ የአሉሽያን ደሴቶች አነጻጽረው ውጤቱን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። የባሕር ወፍ በባሕር በልቶ በየብስ ይኮሳል፤ ኩሱ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ አፈሩን ያዳብራል። ቀበሮ በሌለባቸው ደሴቶች ላይ የሚወርደው ኩስ ቀበሮ ካለባቸው ከ60 እጥፍ በላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ላይ ረጃጅም ለምለም ሣር ሲበቅል፣ በሁለተኛዎቹ ላይ አፈሩ ደህይቶ አጫጭር ቁጥቋጦና ትናንሽ ዕፅዋት ተስፋፍተዋል። ተመራማሪዎቹ ቀበሮ ባለበት ደሴት አንድ ቁራሽ መሬት ላይ ለሦስት ዓመት ማዳበሪያ ሲበትኑ ሣሩ ተመልሶ መጣ። ቀበሮው የበላው ወፍ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የምድሪቱን መልክ ለውጧል።

በ2008 ደግሞ ትኩረቱ ወደ አይጥ ዞረ። አይጦች ከመርከብ ስባሪ ወርደው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የገዟት ደሴት በዚያ ዓመት በሄሊኮፕተር በተበተነ መርዝ ጸዳች፤ በ2012 «የአይጥ ደሴት» የሚለው ስሟ ተሽሮ ሃዋዳክስ የሚለው የኡናንጋን ስሟ ተመለሰላት። ኪስካ ግን ቀበሮው ከሄደ ወዲህም የጦርነቱ ዘመን አይጥ አልለቀቃትም። በሰሜን ጫፏ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦክሌቶች ይፈለፍላሉ፤ አይጦቹ ወፎቹን ገድለው በዋሻ ውስጥ ሲያከማቹ ተመራማሪዎች አግኝተዋል። ኪስካ ከሃዋዳክስ አሥር እጥፍ ያህል ትሰፋለች። የመጠለያው የምርምር መርከብ በየበጋው ሰዎችን ቡልዲርን በመሰሉ ደሴቶች ላይ ታወርዳለች፤ ጎጆ ይቆጥራሉ፣ በዳርቻው ላይም አይጥ ቢመጣ ጥርሱ እንዲታይበት ሽታ የተቀላቀለበት የሰም ቁራጭ ተክለው ይመረምራሉ።